ሰማያዊዋ መኪና የቆመችበት ክረምት

ሰኔ 9፣ 2017፣ ሰኞ

ሐኪሟ ዛሬ ሁለት ነገር ነገረችኝ። አንዱ "መንገጫገጭ ይቅርብሽ" የሚለው ነው። ሌላውን እዚህ አልጽፈውም። ባለፉት አራት ዓመታት ሁለት ጊዜ ጽፌው፣ ሁለቱንም ጊዜ ገጹን ቀድጄ ጥዬዋለሁ። ስለዚህ ስለ መንገጫገጩ ብቻ ልጻፍ።

ከልደታ ሜክሲኮ አንድ ታክሲ፣ ከሜክሲኮ ጀሞ ሌላ ታክሲ። ማተሚያ ቤታችን ወደ ጀሞ ከተዛወረ ወዲህ በቀን አራት ጊዜ እሳፈራለሁ። መንገዱ ተቆፍሯል። ዝናቡ ጉድጓዱን ሞልቶት፣ ሾፌሩ እንኳ ጥልቀቱን የሚያውቀው ከገባበት በኋላ ነው። ዛሬ ስመለስ ከኋላ ወንበር ላይ በሁለት እጄ ራሴን ከመቀመጫው ከፍ አድርጌ ይዤ መጣሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ "አሞሻል እንዴ?" አለችኝ። "የለም" አልኳት።

ለማኑ ደወልኩለት። ማኑ፣ ባለቤቴ፣ ቀያሽ ነው፤ ጎዴ አካባቢ መንገድ ሥራ ላይ ስለሆነ በሦስት ወር አንዴ ነው የሚመጣው። ለእሱ ሁለቱንም ነገር ነገርኩት። በስልኩ ውስጥ ነፋስ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ "መኪና እንግዛ" አለ።

መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው። የነዳሁት ግን የማሠልጠኛውን መኪና ብቻ ነው።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሜክሲኮ ሲወረድ በቆርቆሮ የታጠረ፣ ጠጠር የፈሰሰበት ግቢ አለ። የፈሪዳ ነው። ሰዎች የሚሸጡትን መኪና አምጥተው ያቆሙላታል፤ ገዢ ሲገኝ ታዋውላለች፣ ድርሻዋን ታነሳለች። መኪኖቹ የእሷ አይደሉም፤ ግን ጠዋት ጠዋት እየዞረች መስታወታቸውን ስትወለውል አይቻታለሁ።

"ምን ዓይነት ነው የምትፈልጊው?" አለችኝ።

"የማይንገጫገጭ።"

ሳቀች። "እንግዲያው መንገዱን ነው የምትገዢው" አለች።

መጨረሻ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ መኪና አየሁ። ሰማያዊ ስል የሚጮህ ሰማያዊ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የታጠበ ሸሚዝ ዓይነት። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ መምህርት እንደሆኑ፣ ዓይናቸው ስለደከመ መንዳት እንደተዉ ፈሪዳ ነገረችኝ። "ተጋጭታ አታውቅም ብለውኛል። እኔም እሱን ነው የምነግርሽ" አለች።

ዝናቡ በድንገት ወረደ። ፈሪዳ ቁልፉን እየሰጠችኝ "እስኪያባራ ግቢባት" ብላ ወደ ቢሮዋ ሮጠች።

ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁት። ውስጧ አሁን የተቀረጸ እርሳስ ይሸታል። ውሃው በመስታወቱ ላይ ሲወርድ መጀመሪያ ሌሎቹ መኪኖች ሟሙ፣ ቀጥሎ አጥሩ፣ ቀጥሎ ከአጥሩ በላይ የሚታየው የእኛ ኮንዶሚኒየም። እጄን መሪው ላይ አድርጌ ነበር። የት እንደሆንኩ አውቃለሁ፤ ግን ከውሃ በታች፣ ማንም ሊነካኝ የማይችልበት ቦታ የወረድኩ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም።

ፈሪዳ መስታወቱን በጣቷ አንኳኳች። "ሰው መኪና ሊያይ መጥቶ ሲተኛ አይቼ አላውቅም" አለችኝ። አርባ ደቂቃ ተኝቻለሁ። ለወራት እንደዚያ ያለ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስወጣ ዞሬ አየኋት። ርሳ ስትታይ የሾፌሩ በርና ከበሩ ኋላ ያለው ጠባብ ምሰሶ ከሌላው አካሏ ትንሽ ይጠቁራሉ። ጥላ ያረፈባቸው ይመስላሉ። እንዴት ያምራል አልኩ።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

ሥራ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ በጥድፊያ። የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ እያረምኩ ሦስት ገጽ ሙሉ አንድም ስሕተት አላገኘሁም። ደግሜ ሳየው አሥራ አንድ። ያን ጊዜ ሁሉ የት ነበርኩ? እዚያ ግቢ።

ፈሪዳ ደወለች። ሌላ ሰው ስለ መኪናዋ ጠይቋታል። ሻጭ ሁሉ እንዲህ እንደሚል አውቃለሁ፤ ልቤ ግን ደነገጠ።

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ

ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ጋራዥ ያለው መካኒክ፣ ቤካ፣ አየልኝ። ሞተሩን አስነስቶ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ከሥሯ ገባ፣ ወጣ። በልደታ ዙሪያ ነድቷት መጣ። ፍሬኗን እኔ እስክፈራ ድረስ ሞከረው።

"ሞተሯ ሰዓት ናት" አለ። "ሴትዮዋ ዘይቷን በጊዜው ሲቀይሩ ኖረዋል። ላሜራዋን ግን እኔን አትጠይቂኝ። የእኔ ሥራ ከላሜራው ውስጥ ያለው ነው።"

"ማንን ልጠይቅ?"

በግርምት አየኝ። "ጋሽ ፍሰሐ አባትሽ አይደሉም እንዴ? በዚህ ሰፈር እሳቸውን የሚያህል ባትላሜራ አልነበረም። የተጨፈለቀ መኪና ያስገቡላቸዋል፣ አዲስ አድርገው ያስወጣሉ።"

አባቴ ናቸው አልኩት። መኪናዋን ማሳየት አለብኝ ግን አላልኩትም።

ሰኔ 22፣ እሑድ

አባባ ከእኔ የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። የምንገናኘው በዓል ሲሆን ነው። ዳቦ ይዤለት እሄዳለሁ፣ አንድ ሰዓት እቀመጣለሁ፣ ስለ ዝናብና ስለ ኑሮ ውድነት እናወራለን፣ እመለሳለሁ።

ለምን እንደሆነ ለደብተሬ አልደብቅም። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሆኜ ጅማ ሳለሁ እናቴ ታመመች። በየሳምንቱ እደውላለሁ፤ እሱ ያነሳል። "ደህና ናት፣ ተኝታ ነው።" "ደህና ናት፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነው።" አራት ወር። የደረስኩት ለቀብሯ ነው። "ፈተና ላይ ነሽ፤ ለምን ላስጨንቅሽ ብዬ ነው" አለኝ። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ያው አውቃለሁ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አውቃለሁ።

ዛሬ ደወልኩለት። ስለ መኪና መሆኑን ስነግረው ድምፁ ወጣት ሆነ። "የት ነው የቆመችው? መቼ ልምጣ?"

ለምን መኪና እንደምፈልግ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ሰኔ 26፣ ሐሙስ

ከሰዓት አስፈቅጄ ወጣሁ። አባባ ቀድሞኝ ግቢው በር ላይ ቆሟል፤ ተላጭቷል፣ ጫማውን አስጠርጓል። ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት አወጣ። "ይኼ ብረት ላይ ይለጠፋል፤ ስቱኮ ላይ አይለጠፍም" አለኝ። ስቱኮ የተጎዳ ላሜራ የሚሞላበት፣ ሲደርቅ የሚጠነክር ጭቃ መሰል ነገር ነው። ሕፃን ሳለሁም ይህንኑ አስረድቶኝ ነበር፤ በዚያው ድምፅ።

ከኮፈኑ ጀመረ። ጠቅ። በቀኝ በኩል ያሉት በሮች፣ ጠቅ፣ ጠቅ። የኋላው ክዳን፣ ጠቅ። ፈሪዳ ክንዷን አጣምራ ታያለች፤ ደስ ብሏታል። በግራ በኩል ዞሮ መጣ። የሾፌሩ በር ላይ ያዘ። ከበሩ ኋላ ያለው ምሰሶ ላይ ሲያስጠጋው ማግኔቱ ከእጁ አምልጦ ጠጠሩ ላይ ወደቀ።

አንስቶ ጠረገው። ደግሞ አልሞከረም፤ ኪሱ ከተተው። ከዚያ መዳፉን ምሰሶው ላይ አሳርፎ ከላይ ወደ ታች ቀስ ብሎ ወሰደው፣ ዓይኑን ጨፍኖ። በሩን ከፈተ፤ በምሰሶው ዙሪያ ያለውን ጎማ ገለጥ አድርጎ ውስጡን አየ። ብዙ ቆየ። ፈገግ ያለ መሰለኝ። ከዚያ ጎማውን ወደ ቦታው መልሶ በአውራ ጣቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጫነው።

"ሞተሯን ያየው ልጅ ምን አለ?"

"ሰዓት ናት አለ።"

"እንግዲህ ጥሩ ናት" አለ። ይህን ሲል የሚያየው ጠጠሩን ነበር።

"ማግኔቱ ወደቀ እኮ" አልኩት።

"እጄ ነው። አሁን አሁን ይንቀጠቀጣል።"

እውነት ነው፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ከዚህ በፊት እንዴት ሳላይ ቀረሁ? ወደ ቤቱ ልሸኘው ብል "ትንሽ ልንሸራሸር" ብሎ በሌላ አቅጣጫ ሄደ።

ደስ ብሎኛል። ለማኑ ጽፌለታለሁ።

ሰኔ 29፣ እሑድ

ከምሳ በኋላ ተኝቼ ሕልም አየሁ። ልደታ በሙሉ በውሃ ተሸፍኗል፤ ንጹሕ፣ ጸጥ ያለ ውሃ። ሰማያዊዋ መኪና በላዩ ትንሳፈፋለች፣ እኔ ውስጧ ነኝ፣ መሪ አልያዝኩም። የፍርድ ቤቱን ሕንፃ አለፍን፣ ባቡሩ የሚሄድበትን ድልድይ በሥሩ አለፍን። ሰዎች በየመስኮቱ ቆመው በዝምታ ያዩናል። አባባ ከአንድ ጣሪያ ላይ እጁን ያወናጭፋል። መስታወቱን ዝቅ አድርጌ ምን እንደሚል ልሰማ ስል የስልኩ ጩኸት ቀሰቀሰኝ።

እሱው ነበር። "ቀብድ ከፈልሽ?"

"ገና ነኝ።"

"አትቸኩዪ።"

ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ ደወለ። "ሌላስ ግቢ አላየሽም?" ገንዘቡ አሳስቦት ነው መሰለኝ። ቁጣ ቁጣ አለኝ፤ "አንተው አይደለህ እንዴ ጥሩ ናት ያልከኝ?" አልኩት። "ብያለሁ" አለ። "ብያለሁ" ብሎ ዘጋው።

እንደዚያ መናገር አልነበረብኝም። አንድ ሰው ለእኔ ብሎ ጫማውን አስጠርጎ መጥቷል።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ጠዋት ደም አየሁ። ጥቂት።

ሐኪሟ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችልኝ። ልቡ ይመታል። ሁለት ሳምንት ተኚ አለች።

ለመሥሪያ ቤት፦ ጉንፋን። ለማኑ፦ "ደህና ነኝ።" ከዚያ በረሃ ምን ሊያደርግ ይችላል? ለምን ላስጨንቀው?

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

አባባ መጣ። አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ። ይህን ቤት ከገባንበት ጊዜ ጀምሮ ሲመጣ የመጀመሪያው ነው። ብርቱካን ይዟል። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን፣ መስኮቱን፣ በመጨረሻ እኔን አየ።

"ምነው ተኛሽ?"

"ጉንፋን ይዞኝ ነው።"

"አታስነጥሺም" አለ።

ብርቱካኑን ልጦ ሰጠኝ። ልጣጩን ሳይበጥስ አንድ አድርጎ መላጥ ይችል ነበር፤ ዛሬ ሦስት ጊዜ ተበጠሰበት። ከዚያ "መቅዲ፣ ስለዚያች መኪና..." ብሎ ሲጀምር የእኔ ስልክ ጮኸ። ፈሪዳ ናት። የመኪናዋ ባለቤት ተስማምተዋል፤ ረቡዕ ጠዋት እንፈራረም አለች። እሺ አልኳት።

ስዘጋው አባባ ቆሟል። "ረቡዕ ነው?" አለ።

"ረቡዕ። ምን ልትለኝ ነበር?"

"ዘይቷን በጊዜው ቀይሪ" አለኝና ወጣ።

በደረጃው ሲወርድ ቆጠርኩት። በየፎቁ ይቆማል። ሁለተኛው ላይ በጣም ቆየ፤ የሚመለስ መስሎኝ ነበር።

ምናልባት እንድነዳ አይፈልግ ይሆናል። የእሱ ዘመን ሰው ነው።

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

ተኝቼ። ጣሪያው ላይ የእርጥበት ምልክት አለ፤ ካርታ ይመስላል። ዝናብ። መኪናዋም እዚያ ቆማ በዚሁ ዝናብ ውስጥ ናት። እየደበደባት ነው ወይስ እያጠባት?

ከእንግዲህ የሚያስፈራ ነገር የለም። ከነገ ወዲያ የራሴ በር ይኖረኛል። ዘግቼው የምቀመጥበት።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ማታ ነው የምጽፈው።

ለአንድ ሰዓት ብቻ ብዬ ወጣሁ። ፈሪዳ ውሉን አዘጋጅታ፣ እስክሪብቶውን አስቀምጣ ትጠብቀኛለች። አባባ ሰማያዊዋ መኪና አጠገብ ቆሟል። ሲነጋ እንደመጣ ፈሪዳ ነገረችኝ፤ "ይግቡ ብላቸው እንቢ አሉ" አለች። ኮፍያው ርሷል።

"አትፈርሚ" አለኝ።

"ምን ሆንክ አባባ?"

በሩን ከፍቶ ያንን ጎማ ገለጠው። "ነይ፣ እይ። አንቺም ነይ፣ ልጄ" አለ ፈሪዳን። ሥራውን በሚያውቅ ሰው ጣት ጠቆመን፤ ብረቱ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው የተደረደሩ የብየዳ ጠባሳዎች። እኔ አራሚ ነኝ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያ ጠቆር ያለ ምሰሶ ዓይኔ ሥር ነበር።

"ይህች መኪና ከጎን ተመትታ ነበር" አለ። "ይኼ ምሰሶ ተቆልምሞ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። መለወጥ ነበረበት። የሠራው ሰው ግን አልለወጠውም። ጎትቶ አቀናው፣ ከላይ በየደው፣ በስቱኮ ሸፈነው፣ ቀባው። ቀለሙን ራሱ ነው የቀመመው፤ ስትደርቅ አይለይም። ስትረጥብ ብቻ ነው።"

ፈሪዳ ፊቷ ተለወጠ። "አባት፣ እኔ ይህንን አላውቅም ነበር። ወላሂ አላውቅም። የሠራውን ሰው ያውቁታል?"

"እኔ ነኝ" አለ።

መንገዱ ላይ ረዳቶች "ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ" ይላሉ።

"የዛሬ ሰባት ዓመት። አንድ ነጋዴ አምጥቶ፣ ማንም እንዳያውቅ አድርገህ ሥራት አለኝ። ማንም አላወቀም። እንደዚያ አድርጌ የሠራኋቸው ብዙ ናቸው፤ ይህችን ግን አልረሳም፣ ምሰሶዋ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።"

"ታዲያ ባለፈው ለምን ጥሩ ናት አልከኝ?"

ኮፍያውን አወለቀ። "እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ገልጬ ሳየው መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ሰባት ዓመት ቆይቶ አንድ ስንጥቅ የለውም። እጄ ደህና በነበረ ጊዜ የሠራሁት ነው ብዬ ደስ አለኝ። የፈራሁት ከዚያ በኋላ ነው። ቤት እስክደርስ፣ እነግራታለሁ አልኩ። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ቤትሽ ድረስ መጣሁ። መቅዲ፣ ከዚህ ጎን ብትመቺ ይኼ ምሰሶ አይቆምልሽም። እንደ ካርቶን ነው የሚታጠፈው። የምትቀመጪው እዚሁ ጋ ነው።" ትንሽ ቆየና፣ "የእናትሽን ጊዜ ሁለተኛ አላደርገውም" አለ።

ልቆጣ ፈልጌ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ያዘጋጀሁት ቁጣ ነበረኝ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነገር ነው።

"አባባ፣ ነፍሰ ጡር ነኝ። ሦስት ወር አልፎኛል። ጉንፋን አልነበረም።"

ወንበር ያመጣችልኝ ፈሪዳ ናት። እሱ እንደቆመ ቀረ፤ መዳፉን ያ ምሰሶ ላይ አድርጎ፣ ጥሎ እንዳይሄድ የሚይዘው ነገር ይመስል። ያለቅስ እንደነበር ያወቅኩት ኮፍያውን ገልብጦ ጭንቅላቱ ላይ ሲያደርግ ነው።

ይኸው ጻፍኩት። ይህን ገጽ አልቀድደውም።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

ለማኑ ደወልኩ። ስለ ደሙ፣ ስለ ሁለት ሳምንቱ፣ ሁሉንም። ጮሆ አይናገርም፣ ጠባዩ አይደለም። "ደህና ነኝ ስትዪኝ እኔ እኮ አምኜ እተኛለሁ" አለ። ሌላ አልጨመረም። ይህን ዓረፍተ ነገር ቀኑን ሙሉ ይዤው ዋልኩ።

እኔም የአባባ ልጅ ነኝ።

ሐምሌ 13፣ እሑድ

ፈሪዳ ለመኪናዋ ባለቤት ልትደውል ስትል አባባ "ራሴ ልንገራቸው" ብሎ ነበር። ዛሬ አብሬው ሄድኩ፤ ቅርብ ነው፣ በኮንትራት ታክሲ፣ ቀስ እያልን። ሴትዮዋ፣ እትዬ ሸዋዓለም፣ ጂኦግራፊ ያስተምሩ ነበር። መጽሐፍ የሚያነቡት በማጉያ መነጽር ነው። አባባ ከመቀመጡ በፊት፣ ቆሞ ነገራቸው።

እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ፣ "ስድስት ዓመት ነድቼባታለሁ" አሉ። "የልጅ ልጆቼን ትምህርት ቤት አመላልሼባታለሁ። አሁን ነው ጎኔን የበረደኝ።"

"ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።"

"ያኔ፣ ስገዛት፣ ጋራዥዎ ድረስ መጥቼ ብጠይቅዎት ኖሮ ይነግሩኝ ነበር?"

አባባ አሰበ። ማሰቡን አየሁ። "አልነግርዎትም ነበር" አለ።

እትዬ ሸዋዓለም ማጉያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። "ይኼኛው እውነት ነው" አሉ። "አሁን ምን ይደረግ?"

ምሰሶውን አስቆርጦ በአዲስ እንደሚያስለውጠው፣ የድካሙን ዋጋ እንደሚተውላቸው፣ እጁን ስለማያምነው ብየዳውን ሌላ ሰው እንደሚሠራው፣ እሱ ግን አጠገቡ እንደሚቆም ነገራቸው። "ሲሸጥም ለገዢው ይነገረዋል" አሉት። "እኔ ራሴ አሳየዋለሁ" አላቸው። ሻይ አላቀረቡልንም። በር ድረስ ግን ሸኙን።

በታክሲው ተመለስን። ስንወርድ ክንዴን ያዘኝ፤ እኔን ለመደገፍ ይሁን እሱ ሊደገፍ አላውቅም።

ሐምሌ 25፣ ዓርብ

ሥራ ተመለስኩ። አለቃዬ ቀላል ቀላሉን ሰጠኝ፤ የቀን መቁጠሪያ ነው የማርመው። የሚመጣውን ዓመት ወር በወር። ጥርን ሳርም ቆየሁ። በሐኪሟ ቆጠራ፣ የምወልደው አጋማሹ ላይ ነው።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ሁለተኛው ፅንስ የሄደው በዚህ ሳምንት ነበር። በአሥራ ሰባተኛው ሳምንት።

ጾም ነው። አልጾምኩም፤ ሐኪሟ ከልክላኛለች። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ ከቤካ ጋራዥ፣ የመቁረጫ ድምፅ ይመጣል። ወርጄ አየሁ። ሰማያዊዋ ጎኗ ተከፍቷል፤ ውስጧ ዝገትና ባዶ ነው። ቤካ ይበይዳል። አባባ ሳይቀምስ ውሎ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ "እዚህ ጋ ድገመው፣ አልያዘም" ይለዋል። ቤካም "እሺ ጋሼ" ይላል።

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

አሥራ ሰባተኛው ሳምንት አለፈ። ምንም አልሆንኩም። መስኮቱ አጠገብ ቆሜ ደመናው ሲሄድ ሳይ አረፈድኩ፤ ታክሲ አመለጠኝ፤ ሌላ መጣ።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

ማኑ መጥቷል፤ ለሁለት ሳምንት። ፊቱ ጠቁሯል። ፈሪዳ ግቢ አብረን ሄድን። መኪናዋ ተመልሳ ቆማለች፤ ምሰሶዋ አዲስ ነው፣ አባባ አላስቀባውም። ግራጫ ሆኖ ቀርቷል። "የተሠራው ይታይ" ብሏል።

ማኑ እንድንገዛት ፈልጎ ነበር። "አሁን ከሁሉም የሚታወቀው የእሷ ጉድ ነው" አለኝ፤ ልክ ነው። ገብቼ ተቀመጥኩ። በሩን ዘጋሁት። ያ ከውሃ በታች የመሰለኝ ጸጥታ አልነበረም፤ የመንገዱ ድምፅ ሁሉ ይገባል። መውረድ ፈለግኩ። "እስክወልድ ይቆየን" አልኩት። እሺ አለ።

የገዛት ጴጥሮስ የሚባል፣ ጦር ኃይሎች አካባቢ መድኃኒት ቤት ያለው ሰው ነው። አባባ ጎማውን ገልጦ አሳየው፣ ምን እንደነበረ፣ ማን እንደሠራው፣ ምን እንደተለወጠ ነገረው። ሰውየው ብዙ ጠየቀ። ሲጨርስ፣ "መኪና ልገዛ ስዞር እንዲህ ያለ ነገር የነገረኝ የለም" አለ። እትዬ ሸዋዓለም ካሰቡት ባነሰ ተሸጠችላቸው። ፈሪዳ ድርሻዋን አልወሰደችም፤ ለምን ስላት "የግቢዬን ስም ነው የገዛሁበት" አለችኝ።

መስከረም 5፣ 2018፣ ሰኞ

ማኑ ትናንት ተመለሰ። አምስት ወር ሞላኝ። ልብሴ አልደብቅ ብሏል፤ እኔም ተውኩት።

ዛሬ ጠዋት ሜክሲኮ ስደርስ የጀሞ ሰልፍ ተጠማዝዞ ሕንፃውን ዞሯል። በዚህ ላይ ቆሜ ልደርስ አልችልም ብዬ ሳስብ፣ ከፊት፣ ታክሲው በር አጠገብ አባባን አየሁት። ሰዎቹ ሲገቡ እሱ ወደ ጎን ፈቀቅ ይላል፤ ታክሲው ሲሞላ ተመልሶ ፊት ይቆማል። ሁለት ታክሲ እንዲህ ሲያሳልፍ አየሁ። ሰልፍ የሚያስይዘው ሰውዬ ግራ ገብቶታል፤ ጮክ ብለው ስለሚነጋገሩ ከመንገዱ ማዶ ይሰማኛል።

"አባት፣ አይገቡም እንዴ?"

"እነሱ ይለፉ። እኔ ሰው እየጠበቅኩ ነው። ጋቢናው ባዶ የሆነ ሲመጣ ያዝልኝ፤ ከፊት ሲሆን ብዙ አያንገላታም።"

"ስንት ሰው ነው?"

"ሁለት" አለ አባባ። "አብረው ነው የሚመጡት።"

ሰውዬው ሁለት ሰው ፍለጋ ወደ መንገዱ ማዶ አየ፤ ወደ እኔ በኩል። እኔ አስፋልቱን ለመሻገር ትንሽ ቆየሁ።